የአበበ እናት የተኙ ዕለት

ባለፈው ሰሞን የመጀመሪያውን ፈተና ጨርሰን ከክፍል ጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ፓርክ ወጣን። ጓደኞቼ ስል አንባቢ እንዳይሳሳት፣ እኔ ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ እነሱ አሥራ ዘጠኝና ሃያ ናቸው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቤት መዋል አልሆንልኝ ቢል ዘንድሮ ኮሌጅ ገብቼ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆንኩ። ልጆቹ «ማዘር» ይሉኛል። እነሱ የእኔን ማስታወሻ ይገለብጣሉ፤ እኔ ደግሞ በኮምፒውተሩ ጉዳይ እነሱን አስቸግራለሁ። ፓርኩ ውስጥ በሁለት ባሕር ዛፎች መሐል የተወጠሩ የጨርቅ አልጋዎች አሉ። ምሳ በልተን እንደጨረስን ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው አንድ በአንድ ገቡባቸው።

«ማዘር፣ ይቺ ባዶ ናት፤ ጋደም ይበሉ» አለችኝ ማህሌት፤ ከሁሉም የምትቀርበኝ እሷ ናት። «ሃያ ደቂቃ ብቻ። ፓወር ናፕ ናት።»

«ምንድን ናት እሷ?»

«አጭር እንቅልፍ። ጭንቅላት ታድሳለች።»

«በጠራራ ፀሐይ? ሰው እያየኝ?»

«ማን ያይዎታል ማዘር? ሁሉም ተኝቷል!» አለ ናቲ ከጎኗ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ስቄ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ባደግኩበት ቤት በቀን የተኛ ሰው ወይ ታሟል ወይ አኩርፏል፤ ሦስተኛ ምክንያት አልነበረም። እናቴ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ደክሟት ጋደም ብትል ጎረቤታችን ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃት መጣች። እናቴም አፍራ፣ ምንም ሳይሆናት፣ «ራሴን ትንሽ አሞኝ ነው» ብላ እስኪመሽ ድረስ ሻሽ አስራ ዋለች። እነዚህ ልጆች ግን ምንም አላፈሩም። ነፋሱ እያወዛወዛቸው እንደ ሕፃን ተኙ። ያ ነፋስ ሲመጣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ አመጣ፤ ሽታው ደግሞ አንድ ጋቢ አስታወሰኝ። ከታች፣ ከፓርኩ አጥር ባሻገር ባለው መንገድ፣ ሁለት ሴቶች ቅጠል ተሸክመው ጎንበስ ብለው ወደ ከተማው ይወርዱ ነበር። ልጆቹ እስኪነቁ ድረስ የእማማ በለጡን ነገር ሳስብ ቆየሁ። የዛሬው ጽሑፌ የእሳቸው ነው።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። የምሠራው አየር ማረፊያ ውስጥ፣ የመንገደኞች ማቆያ አዳራሹን በማጽዳትና ሥርዓት በማስከበር ነበር። የደንብ ልብሳችን እስከ ጉልበት የሚደርስ ሰማያዊ ካፖርት ነው፤ ጫማችን ነጭ ሸራ። ሸራውን በየሳምንቱ በጠመኔ እንቀባው ነበር። የምኖረው ላምበረት፣ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። ላምበረት ያኔ እንደ አሁኑ ወደ ሰሜን የሚሄድ አውቶቡስ፣ ተሸካሚና አልጋ ቤት የሞላበት ሰፈር አልነበረም፤ አጥሩ ሁሉ ባሕር ዛፍ፣ ጠዋት ጠዋት ወተት በጣሳ የሚሸጥበት፣ ከዝናብ በኋላ ጫማ የሚያስቀር ጭቃ ያለበት ነበር። በጠዋት ተነስቼ መገናኛ ድረስ በውይይት ታክሲ እሄዳለሁ፤ ከኋላ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ጉልበታችን እየተጋጨ፣ የማንተዋወቀው ሁሉ እያወጋን። ውይይት የተባለውም ለዚሁ ይመስለኛል። መገናኛ ላይ ካሴት ቤቱ ገና በጠዋት ድምፁን ለቆት ይጠብቀናል። ከዚያ በአሥራ አምስት ሳንቲም አውቶቡስ። ከአየር ማረፊያው በር ውጭ ሻይ በስሙኒ ይጠጣ ነበር፤ ከበሩ ውስጥ ያው ሻይ በነጭ ሲኒ ሆኖ አንድ ብር ከስሙኒ። እኛ ሠራተኞቹ ውጭ ጠጥተን እንገባለን።

አውሮፕላን መሳፈር ያኔ ትልቅ ጉዳይ ነበር። አንድ ሰው ሊሄድ ሃያ ሰው ይሸኘዋል። ወንዶቹ ትከሻው በስፖንጅ የተነሳ ኮት ለብሰው፣ ሴቶቹ ፀጉራቸውን ተተኩሰው ይመጣሉ። ተጓዡ ከሸኚዎቹ ተለይቶ ወደ ውስጥ ሲገባ ለፎቶግራፍ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። አምስት ሰዓት ቢቆይ አምስት ሰዓት ቀጥ ብሎ ነው። ሻንጣውን በሁለት ጉልበቱ መሐል አጥብቆ፣ ትኬቱን በእጁ ይዞ። ፈረንጆቹ ደግሞ እንደ ገቡ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቦርሳቸውን ተንተርሰው፣ ሦስት ወንበር ይዘው ይዘረጋሉ። አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋ ሚኒስትር የሚመስል ሽማግሌ አይቻለሁ። እኛ ለእነሱ እናፍርላቸው ነበር፤ እነሱ ግን አያፍሩም። እንዲያውም የእኛን ሰዎች አይተው «እነዚህ ምን ሆነው ነው የማያርፉት?» ይሉ ይሆናል።

የክፍላችን ኃላፊ ጋሽ ተሰማ የድሮ ወታደር ነበሩ፤ ቀበቷቸው ከሆዳቸው በላይ የሚታሰር፣ ጫማቸው መስተዋት የሚመስል። የእሳቸው ትእዛዝ አጭር ነው።

«አስካለ፣ አዳራሹ አዳራሽ ነው፤ መኝታ ቤት አይደለም። የተኛ ካየሽ ቀስቅሺ። ፈረንጅ ከሆነ ተይው።»

«ፈረንጁን ለምን ጋሽ?»

«እንግዳ ነዋ!»

እኔ ታዲያ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም። የተኛ ሰው መቀስቀስ ይከብደኛል። በእኛ ቤት የተኛ ሰው ከተገኘ ይሸፈናል እንጂ አይነካም። አባቴ ድክም ብሎት ወንበር ላይ ካሸለበ እናቴ በጣቷ ጫፍ እየተራመደች ጋቢውን ታመጣና ከእግሩ እስከ አናቱ ትከናንበዋለች። ፊቱን ጭምር። ብርሃን እንዳይረብሸው፣ ዝንብ እንዳያርፍበት፣ ደግሞም የተኛ ሰው ፊት ዝም ብሎ አይታይም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ እያየሁ ያደግኩት ነው። ስህተቴ የተወለደውም ከዚህ ነው።

የሰሞነ ሕማማት ሰኞ ነበር። ለትንሣኤ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ተሳላሚዎች አዳራሹን ሞልተውታል። ሁሉም ነጭ ለባሽ፤ አዳራሹ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር መስሏል። ጠዋት ይነሳል የተባለው አውሮፕላን ዘግይቶ ከሰዓት በኋላ ነው ተባለ። ከሁሉም ዳር፣ አንዲት ቀጠን ያሉ፣ ወገባቸው ትንሽ የጎበጠ እናት ተቀምጠው ነበር። ወለሉን እየወለወልኩ ስደርስ እግራቸውን አንስተው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ጎበዝ» አሉኝ። በዚያ አዳራሽ ለወልዋይ «ጎበዝ» ያለ ሰው ከዚያ በፊት አልገጠመኝም። ወሬ ጀመርን።

በለጡ ይባላሉ። ከእንጦጦ ጫፍ፣ ከየካ በላይ ካለው መንደር ነው የመጡት። እድሜ ልካቸውን ቅጠልና ጭራሮ ከጋራው ተሸክመው ወደ ከተማ ሲያወርዱ የኖሩ ናቸው፤ ወገባቸውም የጎበጠው በዚያ ነው። አበበ የሚባል ልጃቸው ጦር ሜዳ ሄዶ ለዓመታት ድምፁ ጠፍቶ ነበር። እሳቸውም ተስለው ነበር፤ «ልጄን በሕይወት ካመጣህልኝ፣ አንድ ስቅለት ኢየሩሳሌም ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ እውላለሁ» ብለው። ልጁ አንድ ቀን ጋራውን በእግሩ ወጥቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸውና የሰፈሩ ማኅበር ተረዳድተው፣ ይኸው፣ ለዚህ ቀን ደረሱ።

«ትላንት መንደሩ ሁሉ ሸኘኝ» አሉኝ። «ከሰንበቴው፣ ከዕድሩ፣ ያልመጣ የለም። ሦስት ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም፤ ስመርቅና ስመረቅ።»

«ታዲያ ትንሽ ጋደም ይበሉ እማማ።»

«እዚህ? ወግጂ! ምን ይሉኛል? እንደው ዓይኔን ላሳርፍ ብዬ ነው እንጂ።»

ይህን ብለው አልጨረሱም፤ አንገታቸው ወደ ጎን ዘመመ። ጋሽ ተሰማ ከወዲያ ጫፍ ሲመጡ አየሁ። መቀስቀስ ነበረብኝ። እኔ ግን እማማን ደግፌ ከምሰሶው ጀርባ ወዳለው ረጅም ወንበር ወሰድኳቸው፤ ሳይነቁ ነው የተራመዱት። ጥቅልላቸውን አንተራስኳቸው። ጋቢያቸውን ከእግር እስከ ራስ ጎተትኩላቸው። ጋቢው የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል፤ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እንኳ ያልለቀቀው ሽታ። ፊታቸውንም ሸፈንኩ። ጋሽ ተሰማ መጥተው ወደ ምሰሶው ሳያዩ «አስካለ፣ የላይኛው ፎቅ ውሃ ፈሷል» አሉኝና ባልዲዬን ይዤ ወጣሁ። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስ እያለኝ ነበር።

ስመለስ አንዲት መነጽር ያደረገች ፈረንጅ እየሮጠች መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። ፊቷ ነጭ ሆኗል። ወደ ምሰሶው እየጠቆመች «ዴድ! ዴድ!» ትላለች። ይህችን ቃል ከሲኒማ አውቃታለሁ። እኔም ደንግጬ ሮጥኩ። ጋቢው ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል። ሳቄ መጣ። በእጄ የመኝታ ምልክት አሳየኋት፤ ጉንጬን በመዳፌ አድርጌ። እሷ አላመነችም፤ ጎንበስ ብላ አዳመጠች። ፊት ተሸፍኖ እንዴት ይተነፈሳል ብላ ነው። ለእነሱ ፊቱ የተሸፈነ ሰው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። እየሳቅኩ ቀና ስል ግን አዳራሹን አየሁት። ነጭ ልብስ የሚባል አንድም አልነበረም። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው።

የሆነው ይህ ነው። ተሳላሚዎቹ ወደ አውሮፕላኑ የተወሰዱት በሁለት አውቶቡስ ነው። የፊተኛው አውቶቡስ እማማ በለጡ በኋለኛው ያሉ መሰለው፤ የኋለኛው በፊተኛው ያሉ መሰለው። በድምፅ ማጉያ ስማቸውን ሦስት ጊዜ ጠርተዋል። ሰዎች መጥተው በወንበሮቹ መሐል ፈልገዋል። ከምሰሶ ጀርባ ያለ፣ ፊቱ የተሸፈነ ጥቅል ግን ማን ብሎ ይጠይቃል? የውጭ አገር አየር መንገድ ነበር፤ ሰዓቱ ሲደርስ በሩን ዘጋ። እኔ በመስኮቱ የደረስኩት አውሮፕላኑ ሲያኮበኩብ ነው።

እማማን መቀስቀስ እንደዚያን ቀን ከብዶኝ አያውቅም። ትከሻቸውን ነካ ሳደርግ እንደ ተወጋ ሰው ዘለው ተነሱ፤ እጃቸው ወደ ጀርባቸው ሄደ፣ የሌለ ሸክም ሊይዝ።

«መጣ? ጠባቂው መጣ?»

«እማማ፣ እኔ ነኝ። አውሮፕላኑ… ሄደ።»

ባዶውን አዳራሽ አዩት። «እቃዬስ?» አሉ በመጨረሻ።

«አብሮ ሄዷል።»

«እንግዲህ በሶዬ ኢየሩሳሌም ገባ፤ እኔ እዚህ ቀረሁ» አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «በለጡ ወልደ ማርያም ሲሉ በእንቅልፌ ሰምቻለሁ እኮ። የማን ደብዳቤ መጣ ብዬ አልፌው ተኛሁ።»

«ስምዎት እኮ ነው እማማ!»

«እሱን የቀበሌ መታወቂያዬ ይወቀው። በጋራው ላይ ማን በለጡ ይለኛል? የአበበ እናት ነኝ።»

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ማን እንደሸፈናቸው፣ ማን ከምሰሶው ጀርባ እንዳስተኛቸው። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው መለሱኝ። «ሕማማት ነው ልጄ። መሳሳምም፣ መሳለምም የለም። ይቅርታው ከትንሣኤ በኋላ ይደርሳል።» አሉ። ይህ ከስድብ ይልቅ ከበደኝ። አርብ ኢየሩሳሌም ካልቆሙ ስለታቸው ይቀራል፤ ስለታቸው ከቀረ እኔ ምን ብዬ ነው ከትንሣኤ በኋላ ዓይናቸውን የማየው?

ጋሽ ተሰማ መጀመሪያ ጮኹብኝ። «የተኛ ቀስቅሺ አልኩሽ እንጂ ቅበሪ አልኩሽ?» አሉ። ከዚያ ግን ኮፍያቸውን አድርገው ከቢሮ ቢሮ ሲዞሩ ዋሉ። ማታ ሊወጡ ሲሉ ወሬ ይዘው መጡ። ለሐሙስ ጠዋት አንድ ቦታ ተገኝቷል፤ ግን ቀጥታ አይሄድም። አንድ ሌላ አገር አየር ማረፊያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጠብቀው፣ አመሻሽ ላይ ሌላ አውሮፕላን ይቀይራሉ። ከተሳካ አርብ ጎሕ ሲቀድ ኢየሩሳሌም ናቸው። ከዚያ ወዲያ ቦታ የለም።

እማማ ወደ መንደራቸው አልመለስም አሉ። «መንደሩ አልቅሶ ሸኝቶኝ፣ በማግስቱ ደጄ ላይ ቆሜ ደህና ዋላችሁ ልበል?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ለልጃቸው ለአበበ ብቻ መልእክት ላክንና ላምበረት ወደ ክፍሌ ወሰድኳቸው። አልጋዬን ለቀቅኩላቸው። እኔ ከሥር ሰሌን ላይ ምንጣፍ አነጠፍኩ። ሰኞ ማታ የተኙ ማክሰኞ ሥራ ስሄድ ተኝተዋል፤ ስመለስም ተኝተዋል። ለስግደት ብቻ ነው የሚነሱት፤ ሰግደው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቆሎ ቀምሰው እንደገና ይተኛሉ። የቤት አከራዬ በሩን አንኳኩታ «እንግዳሽን ምን አገኛቸው? ሐኪም ይታያቸው እንጂ» አለችኝ። እኔም እንደ እናቴ «ራሳቸውን ትንሽ አሟቸው ነው» አልኳት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነቅተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አፍረው ነበር።

«እንዲህ ተኝቼ አላውቅም» አሉኝ። «ከልጅነቴ ጀምሮ በቀን የተኛሁት ቆሜ ነው።»

«ቆመው?»

«ከነሸክሜ ነዋ! በጋራው መንገድ ላይ እስከ ጀርባ የሚደርስ ጉብታ አለ። ሸክሙን ጉብታው ላይ ታሳርፊዋለሽ፣ ገመዱን አትፈቺም። ከፈታሽው ማን መልሶ ያሸክምሻል? እንዲያው ተደግፈሽ ታሸልቢያለሽ። አምስት ሆነን ከሆነ አራቱ ሲያሸልቡ አንዷ ትጠብቃለች፤ የደን ጠባቂ ከመጣ ቅጠሉንም ገመዱንም ይወስዳላ።»

«ሲመጣ እንዴት ነው የምትቀሰቅሱት?»

«አንነካካም። ከነኩሽ ትደነግጫለሽ፣ ከደነገጥሽ ከነሸክምሽ ቁልቁል ነው። ቀስ ብላ በልጅሽ ስም ትጠራሻለች። የአበበ እናት፣ የአበበ እናት እያለች። እናት በልጇ ስም ስትጠራ ሳትደነግጥ ነው የምትነቃው።»

ይህን ስሰማ ፍርሃቴ ባሰ። በማያውቁት አገር አየር ማረፊያ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ሊቀመጡ ነው። ቢያሸልባቸው ማን ይቀሰቅሳቸዋል? በምን ስም? ማታውኑ ሄጄ እንግሊዝኛ የምትችል አንዲት የትኬት ክፍል ባልደረባዬን ለመንኳት። በትልቁ፣ በካርቶን ላይ፣ የአውሮፕላኑን ቁጥርና ሰዓቱን ጻፈችልኝ፤ ከሥሩም «እባካችሁ ቀስቅሱኝ» የሚል።

እማማ ካርቶኑን ሲያዩ ተቆጡ። «እንደ ስንዴ ከረጢት ደረቴ ላይ ጽሑፍ ልትለጥፊ?»

«እማማ፣ ስለ አርቧ ብለው።»

አርብ ስላቸው ካርቶኑን ከእጄ ወሰዱ። ቆይተው፣ «እንግዲያው ጨምሪበት» አሉ። «እንዳይነኩኝ በይ። በመታወቂያ ስሜም አይጥሩኝ። የአበበ እናት ብለው ይጥሩኝ።»

ሐሙስ ጠዋት አየር ማረፊያው ስንደርስ ባልደረባዬ እየሳቀች ሁለቱንም ጨመረችበት፤ ስሙን በላቲን ፊደል። ከዚያ ካርቶኑን በመርፌ ቁልፍ ነጠላቸው ላይ አያያዝኩና እስከ መጨረሻው በር ሸኘኋቸው። እጅ ነሥተን ተለያየን እንጂ አልተሳሳምንም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኩ እኔ አውቃለሁ። ያኔ ስልክ ደውሎ መጠየቅ የሚባል ነገር የለም። አርብ ስሰግድ ሐሳቤ እሳቸው ጋ ነበር፤ ደርሰው ይሆን፣ ወይስ በአንድ የማላውቀው አዳራሽ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አውሮፕላን እያለፋቸው ይሆን? ጾሙን ፈታን፤ ዶሮው አልጣመኝም።

ብዙ ዓመት ቆይቼ፣ ልጆቼ አድገው፣ በመሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ወደ ውጭ የመሄድ ዕድል አግኝቼ ነበር፤ ያኔ እንደ እማማ እኔም በሰው አገር አየር ማረፊያ ቀን ዋልኩ። በአንዱ አገር፣ ወደ ፀሐይ መውጫ በኩል፣ ለመተኛት ብቻ የተሠራ ክፍል አየሁ። መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ ወንበሩ እንደ አልጋ የሚዘረጋ፤ በሩ ላይ የተኛ ሰው ሥዕል አለ። ሰዎቹ ጫማቸውን በመስመር ደርድረው ይገባሉ፤ ጽዳት ሠራተኛዋ የምትራመደው እናቴ አባቴን ልትሸፍን ስትመጣ እንደምትራመደው ነበር። በሌላው አገር፣ ብርዱ በሚጠናበት፣ ወንበሮቹ በየመሐላቸው የብረት ክንድ ተሠርቶላቸዋል፤ ማንም እንዳይዘረጋ። እዚያ ወለሉ የሚያብለጨልጭ ነው፤ የሚያርፍ ሰው ግን አላየሁም። ሌላ ቦታ ደግሞ ለጸሎት ለሚዘጋጁ ሰዎች እግር መታጠቢያ ዝቅ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ታጥበው፣ ሰግደው፣ እዚያው ምንጣፉ ላይ ጥቂት ያሸልባሉ፤ ማንም አይገርመውም። እያንዳንዱ አገር ስለ ድካም ያለውን ሐሳብ በወንበሩ ላይ ጽፎታል ብዬ አሰብኩ። የእኛ አዳራሽ ሐሳብ ምን ነበር? የፈረንጅ ድካም እውነት ነው፣ የእኛ ግን ነውር ነው፤ ይህ ነበር። ጋሽ ተሰማ ክፉ ሰው አልነበሩም። እንደዚያ ነበር ያደግነው።

እኔ ራሴ ከእማማ በኋላ አሠራሬን ለውጫለሁ። ኪሴ ውስጥ ደብተር ያዝኩ። ዓይኑ የከበደውን መንገደኛ ሳይ ጠጋ ብዬ «የስንት ሰዓት በረራ ነው? ስንት ሰዓት ላይ ልቀስቅስዎ? ምን ብዬ ልጥራዎ?» እላለሁ። ፈረንጆቹ ወዲያው ይነግሩኛል፤ አንዳንዱ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ጆሮውን ደፍኖ፣ «ትከሻዬን ምቺኝ» ይላል። የእኛ ሰዎች ግን «እኔ? ኧረ አልተኛም! ዓይኔን ላሳርፍ ነው» ይሉኛል። «ታዲያ ዓይንዎትን በስንት ሰዓት ላስነሣው?» ስላቸው ይስቁና ሰዓቱን ይናገራሉ። ፊት ግን ከዚያ በኋላ ሸፍኜ አላውቅም። ጋሽ ተሰማ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እንዳላዩ ሆነው ያልፉኝ ነበር።

ወደዚያ ፋሲካ ልመለስና፣ ተሳላሚዎቹ የተመለሱት ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። ተራዬ ባይሆንም ወደ መድረሻው አዳራሽ ሄጄ ቆምኩ። ውጭ እልልታው ቀልጧል። ነጭ ለባሾቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ፊታቸው በፀሐይ ጠቁሯል፣ ጧፍና የጸበል ጠርሙስ ይዘዋል። እማማ የሉም። ሰዉ ሊያልቅ ሆነ። በመጨረሻ፣ ሁሉም ከወጣ በኋላ፣ አንዲት ጎበጥ ያሉ ሴት ጠፍቶ የተገኘ ሻንጣ እየጎተቱ ብቅ አሉ። ካርቶኑ አሁንም ነጠላቸው ላይ ነው።

«በሶው ተገኘ!» አሉኝ ከሩቅ።

«እማማ! አርብ ደረሱ?»

«ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ እንጂ!» ሻንጣው ላይ ተቀመጡ። «እዚያ አገር ያው ተኛሁ። ሰው ሁሉ ተኝቷል፤ እኔ ማን ነኝ ብዬ ተኛሁ። አንድ ጢሙን የተላጨ፣ ከረባት ያሰረ ሰው ካርቶኑን አንብቦ ኖሮ፣ ሥራ የለውም መሰለኝ፣ አጠገቤ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሰዓቱ ሲደርስ ሳይነካኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ‹ያቤቤ ኢናት፣ ያቤቤ ኢናት› ይለኛል። እየሳቅኩ ነቃሁ! አውሮፕላኑ በር ድረስ ወሰደኝ። ልጁ ይባረክ፣ ስሙንም አላወቅኩት።»

«አርብስ?»

«አርብ በጠዋት ገባሁ። አብረውኝ የነበሩት ሲያዩኝ ሙት የተነሣ መሰላቸው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሐሜት እንዳይመስልባቸው ግራና ቀኝ አዩ። «አልፈርድባቸውም። ሦስት ቀን ሙሉ ከተራራ ተራራ ሲወጡና ሲወርዱ፣ ሲሳለሙ፣ ሲያለቅሱ ከርመው እግራቸው አልቋል። ከቀትር በኋላ አንዷ ምሰሶ ተደግፋ አንገቷን ደፋች፤ አንዷ ቁጭ አለች፤ አንዷ ጥላ ፍለጋ ወጣች። እኔ ግን እንቅልፌን ላምበረት፣ ያንቺ አልጋ ላይ ጨርሼው ነበር የሄድኩት። ፀሐይ እስክትጠልቅ ዓይኔ አልከበደኝም። ቆሜ ዋልኩ ልጄ። እንዳልኩት ቆሜ ዋልኩ።»

ከዚያ በኋላ ነው ጉልበታቸውን የሳምኩት።